ጥላሸቱ የማነው?

ቦሌ አራብሳ የገባን ሰዎች ሁለት ነገር አንረሳም። አንዱ ቁልፍ የተረከብንበት ቀን ነው። ሌላው ቁልፉ የከፈተልን ነገር ነው፤ ባዶ ግድግዳ፣ ሻካራ ወለል፣ የቀረው በራስ ኪስ። ኮንዶሚኒየም ማለት መንግሥት ጀምሮት ነዋሪው የሚጨርሰው ቤት ነው። እኛም እንደ ጎረቤቶቻችን በየተራ ጨረስነው። አንድ ዓመት ወለሉን፣ አንድ ዓመት ቀለሙን፣ በመጨረሻም ባለቤቴ ዕቁብ ሲወጣላት የኩሽናውን እምነበረድ። ነጭ፣ ግራጫ ጅማት የጣለበት፣ ሻጩ እንዳለን ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ ከዳለቲ የመጣ ድንጋይ ነው። እውነቱን ለመናገር ቤታችን ካለው ዕቃ ሁሉ የምንሳሳለት ለእሱ ነበር። እንግዳ ሲመጣ "እስቲ ኩሽናችንን እዩት" እስከማለት ደርሰን ነበር።

የዛሬው ጨዋታዬ በዚህ ድንጋይ ላይ ስላረፈ አንድ ምልክት ነው። "አገር በስንቱ ተወጥራ አንተ የኩሽና ድንጋይ ታወራልናለህ?" የሚል አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። ትንሽ ይታገሠኝ። ከኩሽና የማይጀምር የአገር ጉዳይ ብዙም አላየሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ የግንቦት ማታ መብራት ሄደ። መብራት መሄዱ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. የግልገል ጊቤ ሦስት ውኃ ቀንሶ አገሪቱ በሙሉ በፈረቃ ስታበራ የገዛነው የሻማ ፓኬት ዛሬም መሳቢያ ውስጥ ተተኪ አላጣም። ታላቁ የህዳሴ ግድብ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ደስ ብሎናል። በግድቡና በኩሽናችን አምፖል መካከል ግን ብዙ ሽቦ፣ ብዙ ምሰሶ፣ ብዙ ትራንስፎርመር አለ። ስለዚህ ሻማው አሁንም የቤተሰብ አባል ነው።

ቤታችን የምትሠራው ልጅ ማታ ማታ ትማራለች። ስምንተኛ ክፍል ናት፤ "ሚኒስትሪ" ለመፈተን ሳምንታት ቀርተዋታል። እኛ ተኛን። እሷ ኩሽና ውስጥ ሻማ ለኩሳ፣ ጥቂት ሰም አንጠባጥባ ድንጋዩ ላይ አጣበቀችውና ደብተሯን ዘረጋች። አራብሳ ሜዳ ነው፤ ነፋሱ መስኮት ቢዘጋበትም መግቢያ አያጣም። ሻማው ሲወዛወዝ፣ ሲጨስ፣ ሲቀልጥ አመሸ። ልጅቱ ደብተሯ ላይ እንቅልፍ ጣላት። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ግድም ብትነቃ ሻማው ተቃጥሎ አልቋል፤ ክሩ ወድቆ ድንጋዩ ላይ የቡና ስኒ ማስቀመጫ የሚያህል ጥቁር ክብ ትቷል።

ጠዋት እኔ ያየሁት ግን ጥቁር ክብ አልነበረም። ጥቁሩ ጠፍቷል። በምትኩ የእንጀራ ሰሐን የሚያህል፣ የደበዘዘ፣ የተበላ፣ በቀጫጭን ጭረት የተሸነተረ ቦታ ነበር። ጎኑ ላይ የተጨመቀ የሎሚ ልጣጭና የድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ተቀምጧል። ቤቱ በረኪና በረኪና ይሸታል።

"ማነው?" አልኩ። ጮኬ ነው ያልኩት። ቤቱ ውስጥ ሦስት ሰው ነው ያለነው፤ ጥያቄው ጥያቄ እንዳልነበረ ታውቁታላችሁ።

"ጋሼ፣ እኔ ነኝ" አለች። እጇ ቀልቷል፤ በረኪናው በልቷታል።

"ከደመወዝሽ ይቆረጣል" ብያት ወጣሁ።

ታክሲ ውስጥ ሆኜ ንዴቴ ሲበርድ ራሴን አንድ ነገር ጠየቅሁ። ይህቺ ልጅ ስትነቃ ለምን አልቀሰቀሰችንም? መብራት እስኪመጣ ወይም እስኪነጋ ለምን አልጠበቀችም? እንቅልፍ አጥታ፣ በጨለማ፣ እጇ እስኪላጥ የምትፈገፍገው ምን አሳድዷት ነው?

በሳምንቱ አንድ የእምነበረድ ባለሙያ ጠራን። ጎንበስ ብሎ አየው፣ በጣቱ ዳበሰው፣ ቀና አለና "ጋሼ፣ ይሄ ሻማ አይደለም፤ ይሄ ሎሚ ነው" አለኝ። እምነበረድ የኖራ ድንጋይ ዘመድ ነው፤ ካልሲየም ካርቦኔት ነው። አሲድ የነካው እንደሆነ ይሟሟል። ሎሚ ቢሆን፣ አቸቶ ቢሆን፣ ለስላሳ መጠጥ እንኳ ቢፈስበት ላዩን ይበላዋል። ግራናይት ቢሆን ኖሮ ለሎሚው ግድ ባልነበረው፤ እምነበረድ ግን ነጭና ገር ነው። ሽቦው ደግሞ የቀረውን ልስላሴ ፋቀው። በዚያ ላይ በረኪናና ሎሚ ሲቀላቀሉ የሚወጣው ጋዝ ለሳንባ ጠንቅ መሆኑን ልጅቱም አታውቅ፣ እኛም ነግረናት አናውቅ።

"ሻማውስ?" አልኩት።

"ሻማውማ ምን ነበረው!" አለና ዘረዘረልኝ። እናንተም ቤት ይህ ነገር ደርሶ ከሆነ ልንገራችሁ። ሰሙን መጀመሪያ በረዶ አስነክቶ ማድረቅና በእንጨት ማንኪያ ወይም በአሮጌ የባንክ ካርድ ጠርዝ ቀስ አድርጎ ማንሳት ነው፤ በቢላዋ አይሆንም። ጥላሸቱን በእርጥብ ጨርቅ አለመንካት ነው፤ የረጠበ ጥላሸት ወደ ድንጋዩ ቀዳዳ ይገባል፣ ይሰፋል። በደረቁ፣ በለስላሳ ብሩሽ ወይም በደረቅ ስፖንጅ፣ ሳይጫኑ፣ ወደ ላይ ማንሳት ብቻ። ቀጥሎ ለብ ያለ ውኃ ላይ ሁለት ሦስት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ አድርጎ ማበስ። አሁንም የቀረ የቅባት ጥላ ካለ ቤኪንግ ሶዳ በውኃ እንደ ገንፎ አቡክቶ መለጠፍ፣ በፌስታል መሸፈን፣ አንድ ቀን ሙሉ መተው። ሲደርቅ የመጠጠውን ይዞ ይነሳል። ካስፈለገ መድገም። በቃ።

አያችሁ፣ ከዚህ ሁሉ ውስጥ ጉልበት የሚጠይቅ አንድም የለም። የሚጠይቀው ጊዜ ነው። ጊዜ ደግሞ የሚኖረው የማይፈራ ሰው ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላል ያገራችን ሰው፤ የፈራ ሰው ግን ሲለቅም ራሱ ያፈሳል።

ስለዚህ ጥላሸት ትንሽ ማንበብ ጀመርኩ። ሚካኤል ፋራዴይ የተባለው እንግሊዛዊ ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1860 የገና ሰሞን ለንደን በሚገኘው ሮያል ኢንስቲትዩሽን ለወጣቶች ስድስት ንግግር ሲያደርግ ርዕሱ አንዲት ሻማ ብቻ ነበረች። ካስረዳቸው ነገር አንዱ ይህ ነው፦ የሻማ ነበልባል ቢጫና ብሩህ የሚሆነው በውስጡ የጋሉ ጥቃቅን የካርቦን ብናኞች ስላሉ ነው። ማንኪያ ብሩሁ ቦታ ላይ ብታስገቡ ጠቁሮ ይወጣል። ነበልባሉ ከረጋ ብናኙ ጫፍ ሲደርስ ነድዶ ያልቃል፤ ነፋስ ካወዛወዘው ግን ሳይነድ ያመልጥና ባገኘው ነገር ላይ ያርፋል። እንግዲህ ጥላሸት የብርሃን ተቃራኒ አይደለም። ብርሃን ሰጥቶ ሳይጨርስ ያመለጠ ነው። ልጅቱ ስታነብበት ያመሸችው ብርሃንና ጠዋት ያስጮኸኝ ጥቁረት አንድ ነገር ናቸው።

ለነገሩ የኛ ሰዎች ይህንን በሌላ መንገድ ያውቁታል። የቁም ጸሐፊዎች ብራና ላይ ለሚጽፉበት ጥቁር ቀለም ዋናው ግብዓት ከድስትና ከመቅረዝ የተፋቀ ጥላሸት ነበር። ከሌላ ሌላው ጋር አዋህደው፣ ለወራት አቡክተው፣ በትዕግሥት የሠሩት ቀለም ይኸው ስንት መቶ ዓመት ሳይለቅ ቆሟል። ጥላሸት በትዕግሥት ሲያዝ መጽሐፍ ሆነ። በድንጋጤ ሲያዝ የእኔን ኩሽና ሆነ።

ቋንቋችን ግን ለጥላሸት ርኅራኄ የለውም። ሰውን ስናዋርድ "ስሙን አጠለሸው" እንላለን። "ጥላሸት ቀባው" እንላለን። ከዚህ የባሰም አለ። መብራት "ጠፋ" እንላለን፤ ከዚያው ግስ "ጥፋት" ይወጣል፣ ከጥፋት "ጥፋተኛ" ይወጣል። ብዙ ዓመት ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ይህን ዝምድና ልብ ብዬው አላውቅም ነበር። የዚያን ዕለት ጠዋት ግን ገባኝ፦ መብራት ሲጠፋ ጥፋተኛ መፈለግ ለእኛ የሰዋስው ያህል ቀላል ነው።

ታዲያ ጥፋቱ የማነው? እስቲ አብረን እንቁጠር። ሻማውን ያጣበቀችው እሷ ናት። ሻማ ማስቀመጫ ቤት ውስጥ ያላኖርነው እኛ ነን። መብራቱን የወሰደው ሌላ ነው። ነፋሱን የሚያስገባው መስኮት የተገጠመው እኛ ከመምጣታችን በፊት ነው። እስከዚህ ድረስ ያለው ጥፋት፣ ባለሙያው እንዳለው፣ በቤኪንግ ሶዳና በአንድ ቀን ትዕግሥት የሚነሳ ነው። የማይነሳው ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ከዚያ በኋላ የመጣው ደግሞ ከፍርሃት ነው። ፍርሃቱን ማን አመጣው?

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናዘዝ አለብኝ። ካለፈው ዓመት ወዲህ ያለ ነገር ነው። ልጅቱ የሻይ ፔርሙዝ ሰብራ ነበር። ውድ ዕቃ አልነበረም። "እንድትጠነቀቅ ብዬ ነው" አልኩና ከወር ደመወዟ ቆረጥኩ። እሷም ምንም አላለች። ያን ጊዜ ትምህርት የሰጠኋት መስሎኝ ነበር። እውነትም ሰጥቻታለሁ፤ የተማረችው ግን መጠንቀቅን አይደለም። የተማረችው እዚህ ቤት ጥፋት ሳይታይ መጥፋት እንዳለበት ነው። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ ሎሚውን የቆረጠው የእሷ እጅ ነው፤ ቢላዋውን ያቀበላት ግን የአምናው ቅጣቴ ነው።

ይህንን ነገር በሌላም ቦታ አይቼዋለሁ። ፈተና ስንፈትን የተሳሳተውን መልስ ለማጥፋት ላጲስ ያጣ ተማሪ ጣቱን በምራቅ አርሶ ወረቀቱ እስኪቀደድ የሚፈገፍግ አይጠፋም ነበር። አንድ መስመር ሰርዞ ከሥሩ ቢጽፍ ማንም ነጥብ አይቀንስበትም። ነገር ግን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ "ዝርክርክ" እየተባለ ተቆጥቶ ያደገ ልጅ ከስሕተት ይልቅ ቀዳዳ ይሻለዋል። ቢሮዎቻችንስ? አንድ ቁጥር የሳተ ሒሳብ ሠራተኛ ያንን ቁጥር ለመሸፈን ሦስት ሐሰተኛ ሰነድ ሲያዘጋጅ አልሰማንም? የመጀመሪያው ስሕተት ጥላሸት ነበር። ሦስቱ ሰነዶች ሎሚ ናቸው።

ከበረንዳችን ሆነን ወደ ቦሌ የሚያርፉትን አውሮፕላኖች እናያለን። እነሱን ባየሁ ቁጥር የማስታውሰው ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1944 ቺካጎ ላይ የተፈረመው የዓለም አቀፍ ሲቪል አቪዬሽን ስምምነት 13ኛ አባሪ ስለ አደጋ ምርመራ ነው። የምርመራው ብቸኛ ዓላማ ወደፊት አደጋን መከላከል እንጂ ጥፋተኛና ተጠያቂ መለየት እንዳልሆነ ይደነግጋል። የበጎ አድራጎት ስሜት አይምሰላችሁ፤ ስሌት ነው። የሚፈራ አብራሪ የሳተውን አይናገርም፤ ያልተነገረ ስሕተት ደግሞ በሚቀጥለው በረራ ይደገማል። ተጠያቂነቱን ፍርድ ቤት በሌላ በር ይመለከተዋል። የመቶ ሰው ሕይወት በተሸከመ መሣሪያ ላይ ይህን ያህል ብልህ የሆነው ዓለም ፔርሙዝ ላይ ሲደርስ ለምን እንዲህ እንደሚሞኝ እንጃ።

ይህንን ለአንድ ጎረቤቴ ባጫውተው አልተቀበለኝም። "ፍርሃት ከሌለ ሥርዓት የለም" አለኝ። "እኔ አባቴን ባልፈራ ኖሮ ሰው አልሆንም ነበር። ለሁሉ ይቅርታ ከሆነ ነገ ቤቱን ታቃጥልብሃለች።" ነገሩን በቀላሉ የምገፋው አይደለም። ጥንቃቄ የሌለበት ቤት ይነዳል፤ የተኛ ሰው አጠገብ የበራ ሻማ ከድንጋይ በላይ የሚያቃጥለው ብዙ ነገር አለ። ልጅቱም ይህን መስማት ነበረባት፣ ሰምታለችም። ግን ጎረቤቴ ሁለት ነገር ቀላቅሏል። ተጠያቂ ማለት ተጠይቆ መልስ የሚሰጥ ሰው ነው። የሚፈራ ሰው መልስ አይሰጥም፤ ይደብቃል። እኔ ልጅቱን "ማነው?" ብዬ ጮህኩባት እንጂ "ምን ሆነ?" ብዬ አልጠየቅኋትም። ብጠይቃት ኖሮ ሁሉን ትነግረኝ ነበር፤ ኋላ ስጠይቃት ነግራኛለችና።

ደግሞስ ለመቁረጥ ማን ሥልጣን ሰጠኝ? በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 የቤት ሠራተኞችን የሥራ ሁኔታ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ እንዲወስነው ትቶታል። ወደ ጓዳችን ሲደርስ ሕጉ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል ማለት ነው። ስለዚህ በየጓዳው ከሳሹም፣ ዳኛውም፣ ቅጣቱን ተቀባዩም አንድ ሰው ነው። ያ ሰው ጠዋት ጠዋት ስለ ፍትሕ የሚጽፍ ሊሆን ይችላል።

የእምነበረዱ ባለሙያ "ይመለሳል፤ በማሽን አለስልሼ አበራዋለሁ" ብሎ ዋጋውን ነገረን። የልጅቱ የአንድ ወር ደመወዝ ያህል ነው። የዛትኩትን ብፈጽም ኖሮ ለአንዲት ሻማ ወር ሙሉ በነጻ ልትሠራ ነበር ማለት ነው።

እኔ ግን ሌላ ሐሳብ መጣልኝ። ባለቤቴን "አናስነካው፤ እንዲሁ ይቅር" አልኳት። ምልክቱ እዚያው ሆኖ ቁጣዬን ያስታውሰኝ፣ ትምህርት ይሁነኝ ብዬ ነው። ሐሳቡ ለራሴ በጣም አምሮኝ ነበር። ለዚህ ዓምድ መደምደሚያ እንዲሆን ሁሉ አስቤዋለሁ።

ባለቤቴ ድስቷን እያማሰለች "ለመሆኑ አንተ በቀን ስንቴ ኩሽና ትገባለህ?" አለችኝ።

ዝም አልኩ።

"እሷ ቀኑን ሙሉ እዚህ ናት። ለአንተ ትምህርት ነው፤ ለእሷ ክስ ነው። አንድ ጊዜ እንኳን ጠይቀሃታል?"

ጠየቅኋት። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፤ በዚያ በተበላው ቦታ ላይ መክተፊያውን አድርጋበታለች። እስከዚያች ቀን ድረስ መክተፊያው ሁልጊዜ እዚያ ላይ የሚቀመጠው ለምን እንደሆነ ልብ አላልኩም ነበር። "ይህ ነገር ቢስተካከል ነው ወይስ እንዲሁ ቢቀር ደስ የሚልሽ?" አልኳት። ቀና ሳትል "ጋሼ፣ ይጥፋልኝ" አለች።

ከዚያ ወዲህ በሁለቱ ቃላት መካከል ስመላለስ ሰነበትኩ። በደል ደርሶብኛል የሚለው ወገን "ይቅር" ይላል። ቃሉ ባለበት ይቅር፣ አልጠይቅም ማለት ነው፤ ትልቅ ቃል ነው፣ ሰውንም ያኮራል። ምልክቱ ግን ባለበት ሊቀር ይችላል። ይቅር የተባለው ወገን የሚፈልገው ሌላ ነው፤ ምልክቱ እንዲጠፋለት። በየዕለቱ እጁን የሚያሳርፍበት ድንጋይ ክሱን ደግሞ ደጋግሞ እንዳያነብለት። እኛ ይቅር ባዮች "ይቅር ብያለሁ ግን አልረሳም" ስንል ጥበብ የተናገርን ይመስለናል። አንዳንዴ ጥበብ ነው፤ አገር ያቆሰለ ትልቅ በደል ሲሆን መርሳት ራሱ በደል ይሆናልና። ለፔርሙዝና ለሻማ ግን መክተፊያ ሥር የሚደበቅ ትዝታ ማኖር ጥበብ አይደለም። ምልክት ይቅር ወይስ ይጥፋ የሚለውን መወሰን ያለበት ምልክቱ የሚከስሰው ሰው መሰለኝ።

ባለሙያው መጣ፤ ግማሽ ቀን ፈጅቶ አለሰለሰው። ከፈልን። የፔርሙዙን ገንዘብም መለስኩላት፤ ስሰጣት ማን የበለጠ እንዳፈረ አላውቅም። ድንጋዩ አሁን ያበራል። በእጅ ሲዳሰስ ብቻ ያ ቦታ ትንሽ ዝቅ ይላል። እኔ እንዲዳሰሰኝ ስለምፈልግ ውኃ ልቀዳ በገባሁ ቁጥር እጄን ጣል አደርግበታለሁ፤ ለዓይን ግን አይታይም፣ ማንንም አይከስስም።

ባለፈው ሳምንት ማታ እንደገና መብራት ሄደ። ከመርካቶ የመጣች የሸክላ ሻማ ማስቀመጫ አለችን። ኩሽና ውስጥ በርቶ አየሁና ገባሁ። ልጅቱ ደብተሯን ዘርግታለች፤ ከሸክላዋ ጎን ድንጋዩ ላይ ሁለት ጠብታ ሰም ወድቋል።

"ጋሼ፣ ትንሽ ፈሰሰ" አለች።

"ይድረቅና ጠዋት እናነሳዋለን" አልኳት።

ወደ ንባቧ ተመለሰች። እኔም ሄጄ ተኛሁ።